የሆስፒታሉ ዕቅድ እና የታካሚው መንገድ፦ በሀዋሳ ለሚገኙ የጤና ተቋማት የአማራጮች ንጽጽር

በሀዋሳ የሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ስትራቴጂያዊ ዕቅዱን ሲያዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከራሱ የሥራ ክፍሎች ነው። ድንገተኛው የራሱን ግብ ይጽፋል፤ ተመላላሹ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ማዋለጃውና ፋይናንሱም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ሁሉም ተሰብስቦ ይጠረዝና ለሥራ አመራር ቦርዱ ይቀርባል። ታካሚው ይበልጥ የሚቸገረው ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ ባለቤት የለውም፤ በጀትም አልተያዘለትም። ይህ መመሪያ የተቋሙን ዕቅድ ከታካሚው መንገድ ጋር ለማገናኘት ያሉትን አማራጮች እያነጻጸረ የትኛው ለየትኛው ተቋም እንደሚሻል ለማመልከት የተጻፈ ነው።

ነገሩ በቅርበት እንዲታይ ከአለታ ወንዶ የምትመጣ አንዲት የስኳር ታካሚን እንውሰድ። ቀጠሮዋን ላለማሳለፍ ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣ መንገዱ ስለሚርቅ ቁርሷን ቀማምሳ፣ በመጀመሪያው መኪና ሀዋሳ ትገባለች። ካርድ ክፍል ተሰልፋ ካርዷ ይወጣላታል፤ ትሪያጅ (ታካሚዎች በመጀመሪያ ታይተው የሚለዩበት ቦታ) ላይ የደም ግፊቷና ክብደቷ ይለካል፤ ተራዋ ደርሶ ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ የጾም ስኳር ምርመራ ይታዘዝላታል፤ ገንዘብ ቤት ተሰልፋ ትከፍላለች፤ በመጨረሻ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ስትደርስ «እናቴ፣ ቁርስ በልተዋል እንዴ?» ተብላ ትጠየቃለች። በልታለች። ለምርመራው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ስለሚያስፈልግ ነገ ጠዋት እንድትመለስ ይነገራታል፤ እሷም ወይ ዘመድ ቤት ታድራለች፣ ወይ አልጋ ትይዛለች፣ ወይ ደግሞ ተስፋ ቆርጣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በዚያን ዕለት ካርድ ክፍሉ፣ ትሪያጁ፣ ሐኪሙ፣ ገንዘብ ቤቱና ላብራቶሪው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ግብ አሟልተዋል። የጎደለው ባለፈው ቀጠሮ ካርዷ ላይ ሊጻፍ ይገባ የነበረው «ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ያንን መጻፍ ግን የማንም ሥራ ተብሎ አልተመደበም።

ይህን መሰሉ ክፍተት የሚያስከፍለው ዋጋ በትራንስፖርትና በአልጋ ወጪ አያበቃም። የላንሴት ግሎባል ሄልዝ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሕክምና ሊቀር ይችል ከነበረው የሰው ሞት ውስጥ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ያህሉ የሚደርሰው ወደ ጤና ተቋም ሄደው ጥራቱን ያልጠበቀ አገልግሎት ባገኙ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ጭራሹኑ አገልግሎት ባለመጠቀማቸው የሚሞቱት ደግሞ 3.6 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በራችንን ያንኳኳው ሰው ከገባ በኋላ የሚገጥመው ነገር፣ ካልመጣው ሰው ጉዳይ እኩል ወይም በበለጠ ሊያሳስበን ይገባል ማለት ነው።

ግብን ከላይ ወደ ታች ማውረድ

የመጀመሪያው አማራጭ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ አንደኛው ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ሲዘረጋ፣ ግቦቹ ከጤና ሚኒስቴር ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በውጤት ተኮር ሥርዓቱ አማካይነት ወደ እያንዳንዱ ሠራተኛ ወርደዋል። የዚህ አካሄድ ጥቅም አይናቅም። ተቋማት በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲነጋገሩ ያደርጋል፤ ሪፖርቱም ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና መረጃ ቋት ስለሚገባ አንዱን ተቋም ከሌላው፣ የዘንድሮን ከአምና ማነጻጸር ይቻላል፤ ለበጀት ክርክርም ማስረጃ ይሆናል።

ችግሩ መለኪያው የሚቆጥረው ክስተትን እንጂ መንገድን አለመሆኑ ነው። የተመላላሽ ታካሚ ቁጥር ማደግ እንደ ስኬት ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ በመዝገብ ላይ ሦስት ጉብኝት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከላይ ያነሣናት እናትም በማግሥቱ ስትመለስ የተቋሙን አኃዝ ከፍ ታደርጋለች እንጂ ዝቅ አታደርግም። ስለዚህ ይህን አማራጭ ብቻውን የመረጠ ተቋም በወረቀት ላይ እያደገ በታካሚው ዘንድ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል።

ግብ ማውረድን መተው አይቻልም፤ ተጠያቂነቱም የሕግ ነው። ማድረግ የሚቻለው ክፍሎችን አቋርጠው የሚያልፉ ሁለት ወይም ሦስት መለኪያዎችን መጨመር ነው፦ ታካሚው ካርድ ካወጣበት ሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱን እስከያዘበት ድረስ ያለፈው ጠቅላላ ጊዜ፣ ጉዳዩን በመጣበት ቀን ጨርሶ የሄደው ታካሚ ድርሻ፣ ቀጠሮው ያለፈበትና ያልተመለሰው ሰው ብዛት። እነዚህን ለአንድ የሥራ ክፍል መስጠት ስለማይቻል ባለቤታቸው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) መሆን አለባቸው።

በካይዘን ብክነትን ማስወገድ

ካይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማዎች» የሚባሉት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ከፋብሪካ አልፈው ወደ ሆስፒታል ግቢም ገብተዋል። በውጭው ዓለም በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት የአመራሩ መሠረት አድርጎ ወስዶታል።

ይህ አማራጭ ከሁሉም ፈጥኖ ለዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ተመላላሽ ክፍል በሰዓት 30 ሰው ቢመዘገብና እያንዳንዱ በአማካይ 4 ሰዓት ቢቆይ፣ በማንኛውም ቅጽበት በግቢው ውስጥ 120 ታካሚ አለ ማለት ነው፤ አስታማሚዎቻቸው ሳይቆጠሩ። ቆይታውን ወደ 3 ሰዓት ማውረድ ከተቻለ ቁጥሩ 90 ይሆናል፤ አንድም ክፍል ሳይሠራ የ30 ሰው ቦታ ተገኘ። የካርዶች አደራደር፣ የገንዘብ መቀበያ መስኮቱ ከላብራቶሪው ያለው ርቀት፣ የምሳ ሰዓት ፈረቃ፣ እነዚህ ሁሉ የዚህን አንድ ሰዓት ቁራጭ ይዘዋል።

ይሁንና ካይዘን በአንድ ክፍል ቅጥር ውስጥ ከቀረ ወረፋውን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም። ላብራቶሪው ውጤቱን በአንድ ሰዓት ቢያደርስ ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ወደ አልጋ ክፍል ወይም ወደ ኦፕራሲዮን ከሄደ፣ ታካሚዋ ውጤቷን በእጇ ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የእናቶች ሕክምና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች ብለው የሚያስተምሩትን ብናስታውስ፣ ይኸውም ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋሙ ዘንድ በመድረስና ከደረሱ በኋላ አገልግሎቱን በማግኘት የሚባክነውን ጊዜ፣ ካይዘን የሚነካው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

አንድ የታካሚ መንገድ መርጦ ዕቅዱን በእሱ ዙሪያ ማዋቀር

በእኔ እምነት ለአብዛኞቹ ተቋማት ይበልጥ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው፤ በዚያው ልክም ከሁሉም የከበደው ነው። ተቋሙ ሁሉንም ታካሚ በአንድ ጊዜ ከማሰብ ይልቅ አንድ የታካሚ ዓይነት ይመርጣል፦ ነፍሰ ጡር እናት፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ታካሚ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው። ከዚያም ያ ሰው ሕመሙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ የሚያልፍባቸውን በሮች፣ በየበሩ ሊነገረው የሚገባውን፣ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ፣ ቤቱ ከገባም በኋላ ማን እንደሚከታተለው ይጽፋል፤ የዓመቱን ገንዘብ፣ የሰው ኃይልና መለኪያ በዚያ መሠረት ይደለድላል።

ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ግን ስናደርገው ቆይተናል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የስድስት ወር ሕክምናውን ሲጀምር ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፤ በየጊዜው መድኃኒቱን መውሰዱ ይመዘገባል፤ ሲቀር የሚጠይቅ አለ። በኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍሎችም ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው ደውለው፣ ካልተገኘም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል። እነዚህ አገልግሎቶች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ደመወዝ፣ በእነዚያው ነርሶች የሚሠሩ ናቸው። ልዩነቱ መንገዱ ከመነሻው እስከ መድረሻው ታስቦ ባለቤት የተሰጠው መሆኑ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው የስኳር ታካሚ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት የሚወስድ ሆኖ ሳለ፣ ቀጠሮውን ቢያሳልፍ የሚደውልለት የሚኖረው ስንት ቦታ ነው? ይህን ልምድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማሻገር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የቀጠሮ መዝገብ፣ አንድ ስልክ፣ የአየር ሰዓት በጀትና በሳምንት ግማሽ ቀን ለዚህ የተመደበች አንዲት ነርስ ይበቃሉ።

የእናቶችም መንገድ እንዲሁ ለዚህ አማራጭ የተመቸ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይላል፤ ቀድሞ ይባል የነበረው 4 ነበር። ይህ ቁጥር በግብ ቋንቋ ሲጻፍ «የስምንተኛ ክትትል ሽፋን» ይሆናል፤ በመንገድ ቋንቋ ሲጻፍ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከሦስተኛው በኋላ የቀረችው ለምን ቀረች? አልትራሳውንዱ በየትኛው ቀን ስለሚሠራ ነው? ባለፈው ጊዜ ያነጋገረቻት አዋላጅ ወደ ሌላ ክፍል ስለተዛወረች ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ወደ አማራጩ ዋና ችግር ይወስደናል። ነርሶች በየጥቂት ወሩ ከክፍል ወደ ክፍል በሚዘዋወሩበት ተቋም ውስጥ የመንገዱ ባለቤትም አብሮ ይዘዋወራል፤ ስለዚህ ይህን አማራጭ የመረጠ አመራር ቢያንስ ለመንገዱ ኃላፊ የሆነውን ሰው ከዝውውር ነጻ ማድረግ አለበት። ሁለተኛው ችግር የሥልጣን ነው፤ የስኳር መንገድ ኃላፊዋ ከላብራቶሪው ጠዋት ላይ የተወሰነ ሰዓት፣ ከፋርማሲው የተወሰነ ክምችት ስትጠይቅ የክፍል ኃላፊዎቹ እንደ ጣልቃ ገብነት ሊያዩት ይችላሉ፤ የሜዲካል ዳይሬክተሩ ፊርማ ከጀርባዋ ከሌለ ሥራዋ በልመና ይቀራል። ሦስተኛውም፣ መድኃኒት በጠፋበት ወቅት ታካሚው ወደ ግል ፋርማሲ ስለሚላክ መንገዱ ከእጃችን ይወጣል፤ ይህን ቀድሞ ማሰብና የትኛው መድኃኒት በምንም ምክንያት መቋረጥ እንደሌለበት በዕቅዱ ላይ በስም መጻፍ ያስፈልጋል።

ከግቢው ውጭ ያለውን ሰንሰለት መያዝ

በአገራችን አደረጃጀት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተዘረጉ ናቸው። በሀዋሳ የዚህ ሰንሰለት ላይኛ ጫፍ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ከሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከአጎራባች የኦሮሚያ ወረዳዎችም ታካሚ ይመጣበታል። ሰንሰለቱን የሚያስተዳድሩት ግን አንድ አይደሉም፤ ይህ ሆስፒታል በዩኒቨርሲቲው ሥር ሲሆን፣ የከተማዋ ጤና ጣቢያዎችና አዳሬ ሆስፒታል በክልሉ የጤና መዋቅር ሥር ናቸው። አንዱ ዕቅዱን ሲያጸድቅ ሌላው የማያውቅበት አጋጣሚ ከዚህ ይመነጫል።

አማራጩ የሚጠይቀው ሪፈርን የሊያዥን ክፍሉ (የታካሚ ቅብብሉን የሚያስተባብረው ክፍል) ብቻ ሳይሆን የአመራሩ ጉዳይ ማድረግ ነው። ታካሚ ከመላኩ በፊት ይደወላል፤ አልጋ መኖሩ ይረጋገጣል፤ ሲጨርስም መልስ ሪፈር፣ ማለትም የተደረገለትን ሕክምናና ቀጣዩን ክትትል የሚገልጽ ወረቀት፣ ወደ ላከው ጤና ጣቢያ ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ሆኖም ለተረጋጋ የደም ግፊት ታካሚ መድኃኒቱ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ እንዲቀጥል ማድረግ ለሰውየው ድካም፣ ለሆስፒታሉ ደግሞ ወረፋ ይቀንሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላትም የሪፈር ደረጃውን ጠብቀው ካልመጡ ከመድህኑ የሚያገኙት ሽፋን ስለሚቀንስ ወይም ስለሚቀር፣ ሰንሰለቱ በተበጠሰበት ቦታ ሁሉ ከኪሱ የሚከፍለው ታካሚው ነው።

ጥቅሙ ሁለተኛውን መዘግየት፣ ተቋሙ ዘንድ በመድረስ የሚባክነውን ጊዜ፣ ጭምር የሚነካ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ውጤቱ በእኛ እጅ ብቻ አለመሆኑ፤ የሌላውን ተቋም ሠራተኛ ማዘዝ አይቻልም፤ በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ነገር መጠበቅም አይገባም።

ዲጂታል ካርድና የተራ መጥሪያ ስክሪን እንደ አምስተኛ አማራጭ ሲነሡ ይሰማል። ራሳቸውን ችለው ስትራቴጂ አይሆኑም። መንገዱ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው ያንኑ መጉላላት ነው፤ ከተስተካከለ ግን ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው በአንድ ጠቅታ ስለሚያወጣ ለሦስተኛው አማራጭ ትልቅ አጋዥ ነው።

ለየትኛው ተቋም የትኛው?

ለከተማ ጤና ጣቢያ ያለ ማመንታት ሦስተኛውን፣ አንድ የታካሚ መንገድ መምረጡን፣ እመርጣለሁ። ታካሚው ጎረቤት ነው፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በከተማም እስከ ቤት ድረስ የሚሄዱ ባለሙያዎች ስላሉት መንገዱን ከበር እስከ በር መያዝ የሚችል ሌላ ተቋም የለም። ለአጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ መጀመሪያ ካይዘን፣ ቀጥሎ አንድ መንገድ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም 120 ሰው በተጨናነቀበት ኮሪደር ውስጥ ያለች ነርስን ታካሚ እንድትከታተል መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። የመጀመሪያው ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለውን ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር፤ ርኅራኄ ግን በሥልጠና ብቻ አይጸናም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ለማየት ጊዜ ያለው ሠራተኛ ይፈልጋል። ለስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሰንሰለቱ አማራጭ ይቀድማል፤ መልስ ሪፈር ካልሠራ የተቀረው ማሻሻያ ሁሉ በሚጨምረው ወረፋ ይዋጣል።

የግል ከፍተኛ ክሊኒኮች ሁኔታ የተለየ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚሠሩ ከሥራ ሳይቀሩ መታከም የሚችሉት በማለዳ ወይም በምሽት ነው። ለእነሱ መንገዱ የሚጀምረው ክሊኒኩ ከሚከፈትበት ሰዓት ነውና፣ የሥራ ሰዓትን ከፈረቃው ጋር ማጣጣም ከማንኛውም መሣሪያ ግዢ በፊት መታየት አለበት።

ከመምረጥ በፊት

ምርጫው በስብሰባ አዳራሽ ግምት መሆን የለበትም። ለአንድ ሳምንት በየዕለቱ ለተወሰኑ ታካሚዎች ካርዳቸው ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይያያዝ፤ በየመስኮቱ ያለው ሠራተኛ የደረሱበትንና የለቀቁበትን ሰዓት ብቻ ይጻፍበት፤ ፋርማሲው በመጨረሻ ይሰብስበው። ሲደመር ጊዜው የጠፋው በክፍሎቹ ውስጥ ከሆነ ካይዘን፣ በክፍሎቹ መካከል ከሆነ ሦስተኛው፣ ታካሚው ግቢው ከመድረሱ በፊት ወይም ከሄደ በኋላ ከሆነ የሰንሰለቱ አማራጭ ይመረጣል። አማካዩን ብቻ ማየትም ያሳስታል፤ ከአስር ታካሚዎች ዘጠኙ በስንት ሰዓት ውስጥ ጨረሱ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ አሥረኛው ከሩቅ የመጣው ሊሆን ይችላልና።

ወረቀቱ ሰዓቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱን ለማወቅ ከታካሚዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የግድ ነው፤ የአስተያየት ሳጥን ለዚህ አይበቃም፤ ማንበብና መጻፍ የማትችለው እናት በሳጥኑ ውስጥ የለችም። ውይይቱ በአማርኛ ብቻ ከተደረገ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚቀናቸው ሰዎች ዝም ይላሉና፣ በቋንቋቸው የሚያነጋግራቸው፣ የተቋሙም አለቃ ያልሆነ ሰው ቢመደብ መልካም ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምርና ዕቅዶች በግንቦትና በሰኔ ስለሚጸድቁ፣ የሰዓቱ ወረቀት በሚያዝያ መዞር አለበት። ሆኖም የሚያዝያ ሳምንት ዓመቱን አይወክልም፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ሲበረታ የተመላላሽ ክፍሉ ገጽታ ይለወጣል። ስለዚህ ያው ወረቀት በጥቅምት ዳግመኛ ይዙርና፣ ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ የግማሽ ዓመቱ ግምገማ ላይ የሰው ኃይሉ ድልድል እንዲስተካከል የሚፈቅድ አንቀጽ ከወዲሁ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።